ገመዱ ከየት ይታሰር? ጭቃና አሸዋ የያዘውን ፎር ዊል ስለ መጎተት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በርከት ያሉት፣ ከጂንካም ከሻርጃም የተላኩት፣ ጸሐፊዎቹ አስቀድመው የተመካከሩ እስኪመስል ድረስ አንድ ጉዳይ ስለሚያነሡ በዚህ ወር ቦታውን በሙሉ ለእነርሱ ለቀናል። ጉዳዩ ጭቃ ወይም አሸዋ የያዘውን መኪና አስሮ ማውጣት ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹን ስምም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በደቡብ ኦሞ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር ሾፌር ነኝ። ባለፈው ሚያዝያ ወደ ማጎ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪናዬ ዋልካ ውስጥ ገብታ እስከ አክስሏ ሰጠመች። አንድ የጭነት መኪና ሊረዳኝ ቆመ፤ ረዳቱም የሽቦ ገመዱን ከፊት ፓራውልት ሥር ባለች ቀለበት ላይ አሰረው። የጭነት መኪናው በኃይል ሲነሣ ቀለበቷ ተገንጥላ ከገመዱ ጋር ተወረወረች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ኃላፊዬ ግን ፋብሪካ የሠራውን መጎተቻ ሰበርህ እያሉ እስከ ዛሬ ይወቅሱኛል። ጥፋቱ የማን ነው? ትክክለኛው ማሰሪያስ የትኛው ነው?

መልስ፦ እንኳን አተረፈዎት። ከአገላለጽዎ እንደምንረዳው የተገነጠለችው ቀለበት ለመጎተቻ የተሠራች አይመስለንም። ወደ አገራችን የሚገቡት መኪናዎች በአብዛኛው በመርከብ ተጭነው ባሕር ተሻግረው ጅቡቲ ላይ የሚራገፉ ናቸው፤ በዚያ ረጅም ጉዞ መኪናው በማዕበል እንዳይንሸራተት ከመርከቡ ወለል ጋር ይጠፈራል። በሻንሲው ጫፍ ላይ የምናያቸው ቀጫጭን ቀለበቶች ብዙ ጊዜ ለዚህ ሥራ የተቀመጡ ናቸው። የቆመን መኪና ወደ ታች ወጥሮ የሚይዝ ማሰሪያ ይችላሉ፤ ወደ ፊት የሚጎትት፣ ያውም መንጭቆ የሚነሣ ኃይል ሲያርፍባቸው ግን ወይ ይቃናሉ ወይ ተነቅለው ይሄዳሉ። ቀለበቷን ፋብሪካው ሠርቷታል ያሉት ኃላፊዎ አልተሳሳቱም፤ የተሠራችበትን ምክንያት ግን አላወቁም።

ሁለቱን ለመለየት ከመኪናው ሥር ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። ለመጎተት የታሰበ ጋንቾ ወይም ጆሮ ወፍራም ነው፤ በሻንሲው ቁመት ላይ ተኝቶ ቢያንስ በሁለት ቡሎን ይያዛል፤ አፉም መኪናው ወደሚወጣበት አቅጣጫ ይመለከታል። የመርከብ ማሰሪያው ግን ብዙውን ጊዜ ከታጠፈ ዘንግ ወይም ከሳሳ ላሜራ የተሠራ፣ በአንድ ቡሎን ብቻ የተያዘ ወይም በጥቂት ብየዳ የተለጠፈ፣ ወደ መሬት ወይም ወደ ውስጥ ያዘነበለ ሆኖ ይገኛል። በዓይን መለየት ካቃተዎት የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ይግለጡ፤ የማሰሪያውንና የመጎተቻውን ቦታ በሥዕል ለይቶ ያሳያል። እዚያው ላይ አንዳንድ አምራቾች ጋንቾውን የፈቀዱት በደረቅ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ለመጎተት ብቻ መሆኑን ጽፈው ያገኟቸዋል፤ ይህ ማስጠንቀቂያ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ቡሎኖቹንም ይመልከቱ። በቡሎን ራስ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ካዩ ብረቱ ጠንካራ ነው። የፊተኛው ቁጥር በ100 ሲባዛ ብረቱ ከመበጠሱ በፊት በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር የሚሸከመውን ኃይል በኒውተን ይነግረናል፤ ስለዚህ 8.8 ማለት 800 ኒውተን ሲሆን፣ 4.6 የተጻፈበት የሚችለው የዚያን ግማሽ ነው። ኦሪጅናል ጋንቾው ሳይነካ፣ ቡሎኑ ብቻ አንድ ቀን ጠፍቶ ከሶማሌ ተራ በተገዛና ራሱ ላይ ምንም ባልተጻፈበት ቡሎን የተተካበትን መኪና ደጋግመን አይተናል። እንዲህ ያለውን መኪና ከውጭ የሚያየው ሰው ምንም እንዳልጎደለው ይምላል።

አሁን ወደ ዋልካው እንምጣ። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የተያዙ መኪናዎችን ለሚያወጡ ወታደሮቹ የሚያስተምረው አንድ ቀላል ግምት አለ። ጭቃው ጎማውን ከያዘ መኪናውን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኃይል ከመኪናው ከነጭነቱ ክብደት ጋር እኩል ነው፤ እስከ ፓራፋንጎው ከደረሰ ሁለት እጥፍ፣ አካሉን ከዋጠው ደግሞ ሦስት እጥፍ ይሆናል። የእርስዎ ሃርድ ቶፕ ከነዕቃው 3 ቶን ነው ብንል፣ እስከ አክስሉ ሰጥሞ ሳለ ቀስ ብሎ ለማውጣት እንኳ ወደ 3 ቶን የሚጠጋ ኃይል ይፈልጋል፤ ጥቂት ጠልቆ ቢሆን ኖሮ 6 ቶን በደረሰ ነበር። በዚህ ላይ የሽቦ ገመድ አይለጠጥም። የጭነት መኪናው ላላ ባለ ገመድ ሲነሣ ያከማቸው ጉልበት ሁሉ ገመዱ በተወጠረባት በዚያች ቅጽበት በአንድ ጊዜ ቀለበቷ ላይ ወረደ። ሰንሰለት ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ በሽቦ ገመድ ወይም በሰንሰለት መጎተት ግድ ከሆነ፣ ጎታቹ መኪና በእርጋታ ተጠግቶ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ከወጠረ በኋላ ብቻ፣ ያለ ምንም ንጠቃ፣ በዝቅተኛ ማርሽ መሳብ ይኖርበታል።

ከዚያ በፊት ደግሞ አካፋ አለ። ዋልካ ከጎማው ጋር የሚጣበቅና አክስሉን ከሥር የሚመጥ አፈር በመሆኑ፣ ከአራቱም ጎማዎች ፊት መውጫ ቦይ መቆፈርና ከአክስሉና ከዲፈረንሻሉ ሆድ ሥር ያለውን ጭቃ ማውጣት ከላይ የጠቀስነውን ግምት በግልጽ ይቀንሰዋል። ግማሽ ሰዓት መቆፈር የሚያሰለቸው ሾፌር ብዙ ነው፤ ያ ግማሽ ሰዓት ግን ከጋንቾው ላይ የሚነሣ ሸክም ነው። በደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ በመጋቢትና በግንቦት መካከል ስለሚወርድ፣ መኪናዎን ከሥሩ የሚፈትሹበት ጊዜ የካቲት ነው፤ ደገኞቹ አንባቢዎቻችን ደግሞ ሰኔ ግም ሳይል ቢያደርጉት ይመረጣል። ጭቃ ውስጥ ከገቡ በኋላ ጎንበስ ብሎ የቡሎን ቁጥር የሚያነብ ሰው የለም።

ሌሎች ሰዎች በየዋህነት ገመድ የሚያስሩባቸውን ቦታዎችም እናንሣ። ፓራውልቱ፣ ከፊቱ የሚገጠመው የብረት መከላከያ፣ ባሌስትራውና ማንጠልጠያዎቹ፣ የመሪው ዘንግ፣ እነዚህ ሁሉ መኪናን ከጭቃ ለመንቀል የተሠሩ አይደሉም። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ በወጣትነቱ፣ በጨለማና በዝናብ መካከል፣ በዳሰሳ ያገኘውን ወፍራም ዘንግ ሻንሲ ነው ብሎ አስሮበት ያውቃል። መኪናዋ ወጣች፤ ነገር ግን ያሰረበት የመሪው ዘንግ ኖሮ፣ የፊት ጎማዎቿ አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ምዕራብ እያዩ በሌላ መኪና ተጭና ነው ወደ ከተማ የተመለሰችው።

ስለ ጥፋቱ የጠየቁንን ሳንሸሽ እንመልስ። ረዳቱ ሳያይ አሰረ፤ የጭነት መኪናው ሾፌር መነጨቀ፤ እርስዎም የራስዎን መኪና ማሰሪያ አላወቁትም። ይሁን እንጂ መኪናን ማጎ ድረስ እየላከ የመጎተት አቅሙ የተጻፈበት ጋንቾ፣ ትክክለኛ የመጎተቻ ቀበቶና አካፋ ያልገዛ ድርጅት የሾፌሩን ደመወዝ ለመቁረጥ የሚያስችል አፍ የለውም ብለን እናምናለን። ይህን ገጽ ለኃላፊዎ ቢያሳዩአቸው አንቀየምም።

ጥያቄ፦ በአርሲ የግብርና ባለሙያ ነኝ። መኪናችን በተያዘ ቁጥር የአካባቢው ሰው ሊረዳን ይሰበሰባል። ገሚሱ ይገፋል፣ ልጆች ገመዱን ይሻገራሉ፣ አንዳንዱም ገመዱ እንዳይወልቅ በእጁ ይዞ ይቆማል። ሰው ለመልካም ብሎ መጥቶ ሂዱልኝ ማለት ይከብደኛል። በእርግጥ ይህን ያህል የሚያሰጋ ነገር አለው? ስንት ሜትርስ መራቅ ይገባቸዋል?

መልስ፦ አዎን፣ ያሰጋል። ከዚህ ዓምድ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚያነብ ሰው ቢኖር ይህን መልስ እንዲያነብልን እንወዳለን።

ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚይዘው ጉልበት፣ 1 ቶን የሚመዝን ዕቃ ከ2 ሜትር በጥቂቱ ከፍ ካለ ቦታ ሲወድቅ ከሚኖረው ጉልበት ጋር ይተካከላል። ፍጥነቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ያው 1 ቶን ዕቃ ከ9 ሜትር ገደማ፣ ከባለ ሦስት ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ እንደ ወደቀ ቁጠሩት። ገመዱ በተወጠረ ጊዜ ይህ ጉልበት ገመዱ ውስጥ ይገባል። ሁሉም ነገር ከጸና የተያዘውን መኪና ያወጣዋል። አንድ ጫፍ ከለቀቀ ግን ገመዱ እንደ ወንጭፍ ሆኖ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይመለሳል፤ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለ ብረት ካለም ድንጋዩ እርሱ ነው። የፊት መስታወትን በስቶ ሾፌሩ ጋር የደረሰበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ ከሁለቱ ሾፌሮች በቀር ማንም ሰው መኪናዎቹ ውስጥም ሆነ አጠገባቸው አይቆይ፤ ተሳፋሪዎች ይውረዱ፣ ሾፌሮቹም ቀበቷቸውን ይታጠቁ። የቆመው ሰው ቢያንስ የገመዱን ርዝመት አንድ ጊዜ ተኩል ይራቅ፤ ገመዱ 9 ሜትር ከሆነ 13 ሜትር ተኩል ማለት ነው። ርቀቱ ብቻውን ግን አይበቃም፣ የሚቆሙበት አቅጣጫም መታየት አለበት። ከገመዱ ፊት ለፊትና ከጀርባው፣ ማለትም በሁለቱ መኪናዎች መሥመር ላይ፣ የትም ቢሆን መቆም አይገባም፤ ወደ ጎን ይራቁ። የተወጠረ ገመድን መሻገርም፣ በላዩ ላይ መቀመጥም፣ በእጅ መያዝም ፍጹም መከልከል አለበት። ገመዱ እንዳይወልቅ በእጁ የሚይዘው ደግ ሰው ጣቶቹን የሚያጣው በዚህ ነው። ገመዱ እየወለቀ የሚያስቸግር ከሆነ ጋንቾው መዝጊያ ምላስ የለውም ማለት ነውና መፍትሔው ከጋንቾው እንጂ ከሰውየው እጅ አይፈለግም።

በሽቦ ገመድ የሚጎትቱ ከሆነ መሐሉ ላይ ከባድ ነገር ይጣሉበት። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጥ ከረጢት አለ፤ በሌለበት ግን አፈር የተሞላ ጆንያ ወይም የረጠበ ወፍራም ጋቢ ገመዱ ሲበጠስ የሚወረወርበትን ኃይል በመጠኑ ያበርደዋል። በመጠኑ ነው ያልነው፤ ጋቢ ጣልኩበት ብሎ ሰውን ማስጠጋት ካለመጣል ይብሳል።

ሰውን ስለ ማስረዳቱ፣ ከልምዳችን የምንመክርዎት ቅደም ተከተሉን እንዲለውጡ ነው። መጀመሪያ፣ ገመድ ሳይታሰር፣ ሕዝቡ ይቆፍር፣ ድንጋይና ቅጠል ከጎማው ሥር ያንጥፍ፣ ይግፋ። ብዙ ጊዜ መኪናው በዚሁ ይወጣል። ካልወጣ አመስግነው፣ ለድካማቸውም የሚሰጡት ካለ በዚያው ሰዓት ሰጥተው፣ ከመካከላቸው አንድ አዛውንት ይምረጡና ልጆቹን ከዚያ ዛፍ እንዳያልፉ ይጠብቁልኝ ብለው ይለምኗቸው። አባባ ተመለሱ ካሉ ልጁ ይመለሳል፤ እንግዳ ሾፌር መቶ ጊዜ ቢጮኽ ግን የሚሰማው የለም። ከዚያ በኋላ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ሁለቱም ሾፌሮች በግልጽ ሊያዩት በሚችሉበት ጎን ይቁም። ብዙ ሰው በአንድነት በለው፣ ተው፣ ጨምር በሚልበት ቦታ ገመድ አይወጠርም።

ጥያቄ፦ በሻርጃ እኖራለሁ። በዕረፍት ቀናችን ከጓደኞቼ ጋር በሁለት መኪና ወደ አሸዋው እንወጣለን። በቅርቡ አንደኛው መኪና ሲያዝ ጓደኛችን ቀበቶውን በሌላው መኪና ጀርባ ባለችው የተሳቢ መጎተቻ ኳስ ላይ ሊያጠልቅ ሲል፣ በአጠገባችን የነበረ የማናውቀው ሰው ሮጦ መጥቶ አስቆመው። ኳሷ ግን 3 ቶን ተኩል ተሳቢ ትጎትታለች ተብሎ ተጽፎባታል። ሰውየው ልክ ነበር? ቀበቶስ ስንገዛ ምን ዓይነት እንምረጥ?

መልስ፦ ሰውየው ልክ ነበር፤ ዳግመኛ ካገኛችሁት ቡና ጋብዙት። በኳሷ ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማዎቹ የሚሽከረከሩ ተሳቢ መንገድ ላይ ሲከተል የሚኖረውን የተረጋጋ ስበት ይመለከታል። አሸዋ የዋጠውን መኪና በሚለጠጥ ቀበቶ መንጭቆ ማውጣት ግን ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ኃይል በአንድ ቅጽበት ያሳርፍባታል፤ ኳሷም አንገቷ ላይ ተቆርጣ እንደ መድፍ ጥይት ትሄዳለች። በአውስትራሊያ፣ በእንዲህ ያለው መንገድ ሰዎች ሞተዋል፤ በዚያ አገር በሚሸጥ በእያንዳንዱ መጎተቻ ቀበቶ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ሕግ የሚያስገድደውም አደጋው የታወቀ ስለሆነ ነው። መኪናችሁ ከኋላ ኳሷ የምትሰካበት አራት ማዕዘን የብረት ሳጥን ካለው፣ ኳሷን ከነእጀታዋ ነቅላችሁ በምትኩ ለመጎተቻ የተሠራውን፣ አቅሙ የተጻፈበትን ጆሮ ያለው ጉማጅ ስኩበት። ከሻንሲው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለሆነ ከኋላ ከምታገኟቸው ማሰሪያዎች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው።

ቀበቶን በተመለከተ በመጀመሪያ ሁለቱን ዓይነቶች አትቀላቅሏቸው። ከናይለን የተሠራው ሲሳብ ከርዝመቱ እስከ 20 በመቶ ያህል ይለጠጣል፤ 9 ሜትሩ ወደ 11 ሜትር ይጠጋል፣ ተመልሶ ሲሰበሰብም የተያዘውን መኪና ይስበዋል። ከፖሊስተር የተሠራው ግን ብዙም አይለጠጥምና ለተረጋጋ መጎተት ወይም ለዊንች፣ ማለትም መኪናው ላይ ለሚገጠም ገመድ ጠቅላይ መሣሪያ፣ ማራዘሚያ ብቻ የሚሆን ነው፤ በእርሱ መመንጨቅ በሰንሰለት ከመመንጨቅ ብዙ አይሻልም። የሚለጠጠውን ስትመርጡ የመበጠሻ አቅሙ ከሁለቱ መኪናዎች የቀላሉን ሙሉ ክብደት፣ ከነጭነቱ ማለት ነው፣ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሁን። ቀላሉ መኪና ሁለት ቶን ተኩል ከሆነ ከ5 እስከ 7 ቶን ተኩል ያለውን ትፈልጋላችሁ ማለት ነው። ብዙ ሰው ጠንከር ያለ ይሻላል ብሎ 15 ቶን የሚችለውን ይገዛል፤ ከመጠን በላይ የጠነከረ ቀበቶ ግን በቀላል መኪና ስለማይለጠጥ ንጠቃው ሁሉ ወደ ጋንቾው ያልፋል።

ቀበቶውን ከጋንቾው ጋር የምታያይዙበት የዩ ቅርጽ ያለው ብረት፣ ሻክል የሚባለው፣ አቅሙ በላዩ ላይ የተቀረጸ መሆን አለበት። በዚህ ሥራ የተለመደው 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና 4.75 ቶን የሚል የተጻፈበት ነው። ያ ቁጥር የሥራ ጭነቱ እንጂ የመበጠሻው አይደለም፤ በዚህ ደረጃ የሚሠሩት መበጠሻቸው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት እጥፍ ነው። ምንም ያልተጻፈበትን ሻክል የጀልባ መልሕቅ እሰሩበት፣ መኪና ግን አትጎትቱበት። ሚስማሩን በእጅ እስከ መጨረሻው ካጠበቃችሁ በኋላ ሩብ ዙር ያህል መልሱት፤ አለበለዚያ ከተጎተተ በኋላ አልፈታም ይላል።

ሁለት ቀበቶ መቀጠል ቢያስፈልጋችሁ በመካከላቸው ሻክል ፈጽሞ አታስገቡ፤ አንዱ ቀበቶ ቢበጠስ ያ ብረት በአየር ላይ ይወረወራል። የአንዱን ዓይን በሌላው ዓይን ውስጥ አሳልፋችሁ ቀበቶውን በራሱ ውስጥ ሳቡት፤ በቋጠሮው መካከልም የተጠቀለለ መጽሔት አስገቡ። መጽሔቱ ቋጠሮው እንዳይጠብቅ ስለሚከለክል በኋላ በቀላሉ ይላቀቃል። ይህን ዕትም አንብባችሁ ስትጨርሱ ለዚህ ብታውሉት ቅር አይለንም።

ሲነሡ ደግሞ ቀበቶው ከ2 እስከ 3 ሜትር ያህል ላላ ብሎ በመሬት ላይ ይተኛ፤ ሁለቱ መኪናዎች በአንድ መሥመር ላይ ይሁኑ። ጎታቹ በዝቅተኛው ፎር ዊል በሁለተኛ ማርሽ ተነሥቶ፣ ሰው በሶምሶማ ከሚሮጥበት በማይበልጥ ፍጥነት ይሂድ፤ የተያዘውም መኪና ቀበቶው ሲወጠር ጎማዎቹን በዝግታ ያሽከርክር። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ ካልወጣ ፍጥነት አትጨምሩ፣ ወርዳችሁ ቆፍሩ። በአሸዋ ላይ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የጎማውን ነፋስ መቀነስ ይቀድማል። በ35 ፒኤስአይ የተነፋን ጎማ ወደ 18 ስታወርዱት ደረቱ ስለሚረዝም አሸዋው ላይ ይንሳፈፋል፤ ግማሹ መኪና በዚሁ ብቻ ያለ ቀበቶ ይወጣል ብንል አላጋነንንም። አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት መልሳችሁ የምትነፉበትን ትንሽ ኮምፕሬሰር ግን ከቤት አትርሱ፤ በበረሃ ውስጥ ጎሚስታ የለም።

ጥያቄ፦ የራቭ 4 ባለቤት ነኝ፤ የምነዳው አዲስ አበባ ነው፣ ለበዓል ግን ወደ ገጠር ቤተሰቦቼ ዘንድ እሄዳለሁ። ከመለዋወጫ ጎማው አጠገብ ጥርስ ያላት ክብ ብረት አገኘሁ። ምንድን ናት?

መልስ፦ የመጎተቻ ጆሮ ናት። ፓራውልቱ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ሲያነሡ የምትገባበትን ቀዳዳ ያገኛሉ፤ እስከ መጨረሻው፣ በጎማ መፍቻው እየታገዙ ያጥብቋት። በብዙ መኪናዎች ጥርሷ ከተለመደው በተቃራኒ የሚዞር ስለሆነ በቀኝ እምቢ ካለችዎት በግራ ይሞክሩ እንጂ አያስገድዷት። ሥራዋ የቆመን መኪና በለሰለሰ መንገድ ላይ፣ ፊት ለፊት፣ በዝግታ መጎተት ወይም ጭነት መኪና ላይ ማውጣት ነው። ወደ ጎን ከሳቧት ትጣመማለች፤ በሚለጠጥ ቀበቶ ከመነጨቋት ልትነቀል ትችላለች። እንደ እርስዎ ያለ መኪና ጭቃ ውስጥ ከገባ አካፋና የሰው ጉልበት ከገመድ ይሻላሉ። በችግር ሰዓት እንዳይቸገሩ አሁኑኑ፣ ቤትዎ ደጃፍ ላይ፣ አንድ ጊዜ አስገብተው ይሞክሯት።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን አነስተኛ ጋራዥ አለኝ። ደንበኞች ለፒካፖቻቸው ጋንቾ እንድበይድላቸው ይጠይቁኛል። ወፍራም ላሜራ ቆርጬ ሻንሲው ላይ ብበይደው ምን ችግር አለው? አንድ ይበቃልን ወይስ ሁለት?

መልስ፦ ጥያቄዎን ወድደነዋል፣ ብዙ ባለሙያ ሳይጠይቅ ይበይዳልና። የብየዳ ሙቀት ከስፌቱ ጎን ያለውን የሻንሲውን ብረት ባሕርይ ይለውጠዋል፤ ስንጥቁም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከስፌቱ ጠርዝ ነው። ከላይ ያማረ ብየዳ ከሥሩ ሳይዘልቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ደግሞ በዓይን ማየት አይቻልም፣ የሚታወቀው ተነቅሎ ሲሄድ ብቻ ነው። እኛ የምንመርጠው ፋብሪካው በሻንሲው ጫፍ ላይ በተዋቸው ቀዳዳዎች በኩል በ8.8 ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ቡሎኖች የሚታሰር፣ ለዚያው ሞዴል ተሠርቶ የመጎተት አቅሙ የተጻፈበትን ጋንቾ ነው። ከላሜራ ራስዎ ቆርጠው የሚሠሩት ከሆነ አቅሙን የሚያረጋግጥልዎ የለም፤ ደንበኛው ግን ጋራዥ ያሠራሁት ነው ብሎ ሙሉ በሙሉ ይተማመንበታል።

ከአንድ ይልቅ ሁለት፣ በግራና በቀኝ፣ ይሻላል፤ ሸክሙም በሁለቱ የሻንሲ ክንዶች ላይ ይከፋፈላል። ነገር ግን ሁለቱን የሚያገናኘው ማሰሪያ እንዳያጥር ለደንበኛዎ ይንገሩት። ሁለቱ እግሮች በ60 ዲግሪ ሲገናኙ እያንዳንዱ ጋንቾ የሚሸከመው የጠቅላላውን 58 በመቶ ያህል ነው፤ ማሰሪያው አጥሮ ማዕዘኑ 90 ሲሆን 71 በመቶ፣ 120 ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ጋንቾ ሙሉውን ሸክም ብቻውን ይሸከማል። ያን ጊዜ ሁለት መሆናቸው ያተረፈው ነገር የለም፤ እንዲያውም ሻንሲውን ወደ ውስጥ ይጨምቀዋል። ማሰሪያው በጋንቾዎቹ መካከል ካለው ርቀት ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ቢረዝም ማዕዘኑ ከ60 በላይ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የናይለን ቀበቶዬ ባለፈው ክረምት በጭቃ ተለውሶ ደርቋል። ይታጠባል? መቼስ ይጣላል?

መልስ፦ በንጹሕ ውኃ ብቻ፣ ምናልባትም በለስላሳ ሳሙና ይጠቡት፤ ከዚያም ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ያድርቁት። ቤንዚንም በረኪናም አያስነኩት። የደረቀ ጭቃ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ በየሳቡት ቁጥር ክሩን ከውስጥ ስለሚቆርጠው ሳያጥቡ ማስቀመጥ ይጎዳዋል። ሲርስም አቅሙ ስለሚቀንስ በዝናብ ሲጠቀሙበት ቀለል ባለ ኃይል ይሳቡ። ጠርዙ የተቆረጠ፣ ስፌቱ የተፈታ፣ የተቃጠለ ወይም የተወጠረ ሆኖ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ አልመለስ ያለ ቀበቶ ዕድሜው አልቋል። ሲጥሉት ግን በቢላዋ ሁለት ቦታ ቆርጠው ይጣሉት፤ ሙሉውን ከጣሉት ሌላ ሰው አንሥቶ ይጎትትበታል።